የሞተራችሁን ውስጥ ንጹሕ የሚያቆይ ሚኒራል ዘይት አመራረጥ

የሞተር ቫልቭ ክዳን ስፈታ መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነው። አንዱ ሞተር ስንት ዘመን ሮጦ ካምሻፍቱ አሁንም ያበራል፤ ብረቱ ላይ ከስስ ቡናማ ጥላ በቀር ምንም የለም። ሌላው ገና ብዙ ሳይሠራ በካቻቢቴ እየፋቅሁ የማነሣው ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮበታል። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ «የትኛው ብራንድ ነው የሚሻለው?» ይለኛል። ብራንድ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ማወቅ የምፈልገው ዘይቱ የየትኛው ደረጃ እንደነበረ፣ በየስንት ጊዜው እንደተቀየረና ሞተሩ በደንብ የመሞቅ ዕድል ያገኝ እንደነበረ ነው።

ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚሠራው ተራው ዘይት፣ እኛ ሚኒራል የምንለው፣ ሞተር ያቆሽሻል የሚል ወሬ በሰፊው ይሰማል። ወሬውን አልቀበልም። በትክክል የተመረጠና በጊዜው የተቀየረ ሚኒራል ዘይት ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለውን ተራ የቤንዚን ሞተር ለረጅም ዘመን ንጹሕ አድርጎ ያቆያል። አቅም የሚያንሰው አስቀድሞ የቆሸሸውን ለማጽዳት ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታ ይወጣል። ጥቂቱ ግን ካልተቃጠለ ነዳጅ፣ ከጥላሸትና አሲድ ከሚፈጥሩ ጋዞች ጋር በፒስተን ፋሻዎች በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተመልሶ እዚያው ይቀራል። በሌላ በኩል ዘይቱ ራሱ በሙቀት ምክንያት ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይወፍራል፣ አሲድም ይፈጥራል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የዚህ ብልሽት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሞተር በሁለት በኩል ይቆሽሻል ማለት ነው፤ ሳይሞቅ ሲቀርም ከልክ በላይ ሲግልም። የመጀመሪያው ለስላሳ ዝቃጭ ያመጣል፤ ሁለተኛው ብረት ላይ የሚደርቅና በጨርቅ ተጠርጎ የማይለቅ ቡናማ ሽፋን።

ይህን ሁሉ የሚታገለው ከድፍድፍ የወጣው መነሻ ዘይት ብቻውን አይደለም፤ ውስጡ የተጨመሩት ኬሚካሎች ናቸው። ለንጽሕና ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ዲተርጀንት የሚባለው ብዙውን ጊዜ የካልሲየም ወይም የማግኒዚየም ውህድ ነው፤ አሲዱን ያመክናል፣ የጋለ ብረት ላይም ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ዲስፐርሳንት ጥላሸቱንና ጥቃቅን ዝቃጩን እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ እንዲንሳፈፍ ያደርጋል፤ ሳሙና ከልብስ ያወጣውን እድፍ ተመልሶ እንዳይለጠፍ እጣቢው ውስጥ እንደሚይዘው ማለት ነው። ሦስተኛው ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር እንዳይዋሃድ የሚያዘገየው ነው። ሦስቱም እየሠሩ ያልቃሉ። ዘይት የሚቀየርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፤ በጋራዥ ሥራዬ ሰውን ለማሳመን እንደዚህ የሚያስቸግረኝ የለም። ዘይት ከተቀየረ በኋላ ቶሎ ጠቆረ ማለት ዘይቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጥላሸቱን ተሸክሞታል ማለት ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ እንዲያውም በአንድ ቀን ውስጥ ጥቁር ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ተነድቶ፣ ሞተሩም ውስጡ ቆሻሻ ሆኖ፣ መለኪያው ላይ ግን ጠርቶ የሚታይ ዘይት ነው፤ ቆሻሻው ዘይቱ ውስጥ ከሌለ ብረቱ ላይ ነው ያለው። ሰዎች ቀለም አይተው ዘይት ያማርጣሉ፤ ቀለም ግን ስለ ዘይት ጥራት የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

የዕቃው ፊት ይቅርና ጀርባውን አንብቡ

ፊት ለፊት የተጻፈው የሻጭ ንግግር ነው። «ሱፐር»፣ «ልዩ ጥበቃ»፣ «ሞተር ያጸዳል» የሚሉ ቃላትን የሚለካላችሁ የለም። የሚለካው ጀርባው ላይ በክብ ምልክት ውስጥ ነው ያለው። ክቡ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ባጭሩ የኤፒአይ፣ ምልክት ነው። በላይኛው ግማሽ ላይ የአገልግሎት ደረጃው፣ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ይጻፋል፤ የታችኛው ግማሽ ነዳጅ ቆጣቢነትን የመሰለ ተጨማሪ ነገር ካለ ይገልጻል፣ ከሌለ ባዶ ይሆናል።

የቤንዚን ሞተር ደረጃዎች በ«ኤስ» ፊደል ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በላቲን ፊደል ተራ ከ«ኤ» እየራቀ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስጄ እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ለተሠሩ፣ ኤስኤል እስከ 2004፣ ኤስኤም እስከ 2010፣ ኤስኤን እስከ 2020 ለተሠሩ ሞተሮች ነው። ኤስፒ በ2020 መጣ፤ ኤስኪው ደግሞ በ2025። አዲሱ ደረጃ የቀድሞዎቹን ይተካል፤ ስለዚህ የ1998 መኪና ያለው ሰው ኤስፒ ቢያደርግ መኪናው አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጠቀማል። ኤስፒ ሲወጣ ዝቃጭንና ቡናማውን ሽፋን የሚመለከተው ፈተና ጠብቋል፤ ፒስተን ላይ በግለት የሚጋገረውንም ከቀደመው የተሻለ እንዲከላከል ተደርጓል። ንጽሕና ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

በተቃራኒው በኩል ያለው ነው የሚያስፈራኝ። ኤስኤፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ዘይት እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ታገኛላችሁ። ኤፒአይ ራሱ ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ይለዋል። ኤስጂ ከ1993 በኋላ ለተሠሩት አይሆንም። ኤስኤ የሚባለው ደግሞ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ኬሚካል የሌለበት ነው፤ ከ1930 በኋላ ለተሠራ ሞተር አይመከርም። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ዕቃቸውም ያምራል፣ ውፍረታቸውም ልክ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ሚኒራል ዘይት ሞተር ያቆሽሻል ከሚለው ስም ጀርባ ብዙ ጊዜ እነዚህ አሉ ብዬ አምናለሁ፤ ጥፋቱ የሚኒራልነቱ ሳይሆን የደረጃው ነው።

አንድ የቃላት ጨዋታም አለ። «ኤስፒን ለሚጠይቁ ሞተሮች ተስማሚ» የሚል ዓረፍተ ነገርና የኤፒአይ ክብ ምልክት አንድ አይደሉም። ክቡን ለመለጠፍ አምራቹ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ማንም ይጽፈዋል። ፈቃድ ያላቸው ዘይቶች ዝርዝር በኤፒአይ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይፈለጋል። ምልክቱ የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ አውሮፓውያን አምራቾች አሴአ የሚባል የራሳቸው መለኪያ አላቸው። ሁለቱም የሌለበትን ግን እኔ ሞተር ውስጥ አላፈስም።

የናፍጣዎቹ ደረጃዎች በ«ሲ» ይጀምራሉ፤ ሲአይ-4፣ ሲጄ-4፣ ሲኬ-4። ኤፍኤ-4 የሚል ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ እሱ ለተወሰኑ አዳዲስ ከባድ ሞተሮች የተሠራ ቀጭን ዘይት ነው፣ የቀድሞዎቹን አይተካም። የናፍጣ ዘይት ብዙ ዲተርጀንት ስላለው የቤንዚን ሞተር ያጸዳል ብለው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ዕቃው ላይ ከ«ሲ» ቀጥሎ መኪናችሁ የሚጠይቀው የ«ኤስ» ደረጃም ከተጻፈና ውፍረቱ ከገጠመ ችግር የለውም። «ሲ» ብቻ ከሆነ ተዉት። የናፍጣ ዘይት ብዙውን ጊዜ ፎስፈረስ ይበዛበታል፤ ፎስፈረስ ደግሞ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቀስ በቀስ ይመርዘዋል። እንደ 5ደብሊው-30 እና 10ደብሊው-30 ያለ ውፍረት (ቁጥሮቹን ቀጥሎ እገልጻለሁ) ላላቸው የቤንዚን ዘይቶች ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ውፍረት

እዚህ ላይ አጠር አደርገዋለሁ፤ መልሱ ከመኪናው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ ከኋላው ያለው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግራል። መመሪያው ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ይፈቅዳል። ሞተር የሚያጸዳው ወፍራም ዘይት ነው የሚለው እምነት መሠረት የለውም፤ ወፍራም ዘይት ቫልቭ ማስተካከያዎቹ ጠባብ ቀዳዳዎች ጋ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ ተጨማሪ ማጽጃ አይዝም።

ከተፈቀዱት መሐል ለመምረጥ ግን አንድ ልማድ አለኝ። ሚኒራል ዘይት በሁለቱ ቁጥሮች መሐል ያለው ርቀት እንዲሰፋ ከተፈለገ ውፍረቱን የሚያስተካክል ፖሊመር በብዛት ይጨመርበታል። ፖሊመሩ በሞተሩ ውስጥ እየተፈጨ ይቆራረጣል፣ በግለትም ቅሪት ይተዋል። ስለዚህ መመሪያው 5ደብሊው-30ንም 10ደብሊው-30ንም ከፈቀደ፣ ብርድ ካልበረታ ሚኒራሉን በ10ደብሊው-30 እወስዳለሁ። ከባድ ብርድ ያለበት የሚኖር ሰው ተቃራኒውን ይምረጥ፤ ጠዋት ሞተር ሲነሣ ዘይት ቶሎ መድረስ አለበት።

ጥልቅ ማለት የምትወዱ ከሆነ

እያንዳንዱ ጨዋ አምራች ለዘይቱ የቴክኒክ መረጃ ወረቀት ያወጣል። እኔ እሱን ማንበብ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው አይወደውም፣ ግዴታም አይደለም። የምፈልገው ሦስት መስመር ነው። አንደኛው የመነሻ ዘይቱ ምድብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ከተጻፈ ግን ምድብ ሁለት ከምድብ አንድ ይሻላል። ምድብ ሁለት ድኝ ከ0.03 በመቶ የማይበልጥበት፣ የተረጋጉ ሞለኪዩሎቹም 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆኑ ነው፤ ለኦክስጅን በቀላሉ አይበገርም። ሁለተኛው በሙቀት የሚተነው መጠን ነው፤ ኖአክ በሚባለው ፈተና በ250 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሲግል ከክብደቱ ስንት እጅ እንደሚጠፋ ያሳያል። ለ5ደብሊው-30 ዓይነቶቹ ጣሪያው 15 በመቶ ነው። ቀላሉ ሲተን ወፍራሙ ወደኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለው ይሻላል። ሦስተኛው ቲቢኤን የሚባለው አሲድ የማምከን አቅም ነው። ይህኛውን ከልክ በላይ አታሳድዱ፤ በዲተርጀንት ምክንያት ከፍ ሲል አመዱም አብሮ ይጨምራል፣ አመድ ደግሞ ራሱ ቆሻሻ ነው።

ሚኒራል የማይሆንበት ጊዜ

መመሪያ መጽሐፉ ሲንቴቲክ (በኬሚካል ሂደት የተሠራ ዘይት) ካለ ሲንቴቲክ ነው፤ ክርክር የለውም። ቱርቦ ያለው ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ በጋለው የቱርቦ ዘንግ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ እዚያም ሚኒራል ዘይት ቶሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል። 0ደብሊው-20 የሚጠይቅ መኪናም ሚኒራል ፍለጋ አይድከም፤ እንደዚያ ቀጭን ሆኖ ሳይተን የሚቆይ ዘይት ከተራው ድፍድፍ ማጣሪያ አይወጣም። የጥላሸት ማጣሪያ ያለው የናፍጣ መኪና አመዱ የተቀነሰ ዘይት ይፈልጋል። ከእነዚህ ውጭ ያለው፣ ነዳጁ ቫልቭ ፊት የሚረጭበት፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ግን የሚኒራል ዘይት ቤት ነው።

አንዴ ሲንቴቲክ የጠጣ ሞተር ወደ ሚኒራል አይመለስም የሚባለውንም አትስሙ። በኤፒአይ የጸደቁ ዘይቶች እርስ በርስ መደባለቅ መቻላቸው ይፈተናል።

ስትገዙ ክዳኑ ሥር ያለው መታሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ዕቃው ላይ በግልጽ የታተመ እንጂ የተለጠፈበት ወይም የተፋቀ አለመሆኑን እዩ። ከበርሜል የሚቀዳ ዘይት ከሆነ የበርሜሉን ጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። «ጥሩ ዘይት ነው» የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የተመረጠውን ዘይት የሚያበላሹ

ጥሩ ዘይት ገዝቶ ረጅም ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው። መመሪያ መጽሐፉ ሁለት የመቀየሪያ ርቀት ይሰጣል፤ አንዱ ለተለመደ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። ከባድ ሲባል ሁሉም ሰው የጭነት መኪና ይመስለዋል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ፣ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ አቧራ ላይ የሚሄድ ሁሉ ከባድ አጠቃቀም ላይ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው የከተማ ነጂ እዚያ ውስጥ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሚኒራል ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ የቀደመው ቀድሞ፣ እቀይራለሁ፤ መመሪያው ከዚያ ያጠረ ካለ ያጠረውን። ፊልትሮውን ዘይት በቀየርኩ ቁጥር አብሬ ነው የማወጣው። ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ ማለፊያ ቫልቩ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጣራ ነው የሚዞረው።

ሁለት ርካሽ ዕቃዎች ደግሞ ሞተርን ያለ ዘይት ጥፋት ዝቃጭ ያደርጉታል። አንደኛው ፒሲቪ የምንለው፣ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰው ቫልቭ ነው። ከተደፈነ ያ ሁሉ እንፋሎትና አሲድ መውጫ ያጣል። በብዙ መኪኖች ላይ ነቅሎ ማንቀጫቀጥ ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ይቀየራል። ሁለተኛው ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት፣ የራዲያተሩን ውሃ ፍሰት የሚቆጣጠረው ቫልቭ፣ ነው። ሙቀት መለኪያው ሁልጊዜ ከመሐል በታች ከሆነ ባለቤቱ «መኪናዬ አይግልም» ብሎ ይደሰታል፤ ዘይቱ ግን ውሃውን የሚያተንበት ሙቀት ላይ ፈጽሞ አይደርስም። የቆመን መኪና አስነሥቶ ማሞቅም አይተካውም። ዘይት ከራዲያተሩ ውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ መንዳት ነው የሚያደርቀው።

ሞተሩ አስቀድሞ ከቆሸሸ

አሮጌ መኪና ገዝታችሁ በዘይት መሙያው ክዳን ስታዩ ጥቁር ጭቃ ካለ፣ በአምስት ደቂቃ አጥባለሁ የሚለውን ፈሳሽ አትግዙ። ተላቆ የሚወርደው ቁራጭ ወደ ዘይት ፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ከተደፈነ የዘይት ግፊት መብራቱ ይበራል፣ ፒስተኖቹን የሚያያይዙት ቢየላዎችም ዘይት አጥተው ይነክሳሉ።

እኔ የምሄድበት መንገድ ዘገምተኛ ነው። ደረጃው አዲስ የሆነ፣ ውፍረቱ የገጠመ፣ ርካሹን ጨዋ ሚኒራል ዘይት እጨምራለሁ፤ በ1,500 ወይም በ2,000 ኪሎ ሜትር ከፊልትሮው ጋር አወጣዋለሁ፣ እንደገናም እንዲሁ። ቶሎ ስለሚጣል ውዱን ማፍሰስ ትርጉም የለውም። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጬ ወረቀቱን እዘረጋለሁ። ለስላሳ ጥቁር ነገር ብቻ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ጉዳዩ ከንጽሕና አልፏል። ፊልትሮው እየነጣ ሲሄድ ወደ መደበኛው ርቀት እመለሳለሁ። ዝቃጩ ወፍራም ሆኖ የግፊት መብራቱ ብልጭ ማለት ከጀመረ ግን ዘይት በመቀያየር አይሆንም፤ ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ ተፈትቶ ወንፊቱ በእጅ ይጽዳ።

ክዳኑ ላይ ነጭ ወተት መሳይ ነገር ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ፣ አጭር መንገድም የምትሄዱ ከሆነ፣ የጤዛ ውሃ ነው፤ ረጅም ስትነዱ ይጠፋል። የዘይት መለኪያው ላይም ካለና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መሐል ያለው መታሸጊያ) ሳይበላሽ አልቀረም፤ ያኔ መኪናውን አቁማችሁ መካኒክ ጥሩ፣ አዲስ ዘይትም ጥገናው ሳያልቅ አትግዙ።